የማክሰኞው ጠርሙስ

መንደራችን አፓም መጥታችሁ «የኳስ ክለባችሁን ባራኩዳን ማን ሸጠው?» ብትሉ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትንሽ ትልቁ «ኤጊያ ኤሹን» ይላችሁ ነበር። እሳቸው አልሸጡም። ጠርሙሱን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሙሉውን መናገር ሲገባኝ ግማሹን የዋጥኩትም እኔ ነኝ። ዋናውን ከተናገርኩ ዘንዳ የቀረውን ከሥሩ ልጀምር።

ኢቦ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከዓሣ ገበያው ወደ ኳስ ሜዳው በሚያወጣው መንገድ ዳር ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የባራኩዳን ባንዲራ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊና ቢጫ፣ መሃሉ ላይ ያ ጥርሳም ዓሣ። የደጋፊዎች ማኅበር ጸሐፊም ነበርኩ። ማን ከበሮ እንደሚይዝ፣ ለውጪ ጨዋታ ማን በየትኛው መኪና እንደሚሄድ የምጽፍ እኔ። እኛ ዘንድ ደጋፊ ሲሞት ሣጥኑ የክለቡን ባንዲራ ይለብሳል፤ ጠርዙ ላይ ስሙ ይጠለፋል። ያንንም የምጠልፈው እኔ ነበርኩ። የሌላውን ሁሉ ስም ስጠልፍ ኖሬ የራሴ ስም በምንም ላይ አልነበረም። ይህ ነገር ያሳከከኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ኤጊያ እኛ ዘንድ አባባ ማለት ነው፤ ኤጊያ ኤሹን የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ታንኳ ሲመሩ የኖሩ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ እጃቸው እስካሁን እንደ ገመድ የጠነከረ ሰው ናቸው። ትልቁ ከበሮ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነበር። ሜዳውም የቤተሰባቸው መሬት ነው። አባታቸው ለክለቡ መሥራች ለአሮጌው አሚሳ ሲሰጡት ቃል ተገብቶበታል፤ ክለቡ ከዚያ ሜዳ የሚነሳው የኤሹን ቤት «እሺ» ሲል ብቻ ነው ተብሎ፣ መጠጥ ፈስሶበት፣ ምስክር ቆሞበት። ወረቀት የለውም። እኛ ዘንድ ግን ለጉዳይ የመጣን መጠጥ ተቀብሎ የጠጣ ሰው ፈረመ ማለት ነው። ኤጊያ ክለቡን «ልጄ» ነበር የሚሉት። ስንሸነፍ «ልጄ አሞታል» ይሉና ሁለት ቀን ከቤት አይወጡም።

አሮጌው አሚሳ ከሞተ በኋላ ክለቡን ልጁ ወረሰው። ሊቀመንበር እንለዋለን። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለ።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነጭ መኪናው ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመች። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ኢቦ» አለኝ። በስሜ። ከማዶ ያሉት ዓሣ ሻጮች ሁሉ ዞር አሉ። ደጋፊ ያልሆነ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። የክለብ ባለቤት ማለት ለእኛ ከሩቅ የሚታይ ሰው ነው፤ ጥላ ሥር፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ። ስናሸንፍ እናመሰግነዋለን፣ ስንሸነፍ እንሰድበዋለን፤ እሱ ግን አንዳችንንም ለይቶ አያውቅም። ያ ሰው በሰው ፊት ስሜን ሲጠራ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እናቴ ስትጠራኝ እንኳ እንደዚያ ፈጥኜ ተነስቼ አላውቅም።

ከኋላ ወንበር ላስቲክ ውስጥ ያለ ሰማያዊ ጃኬት አውጥቶ ሰጠኝ። ደረቱ ላይ በቢጫ ክር «ኢቦ፣ የደጋፊዎች ኃላፊ» ተብሎ ተጠልፏል። በወደቡ ከተማ በቴማ ያለ አንድ ድርጅት ክለቡን ሊገዛና ወደዚያው ሊወስደው መሆኑን ነገረኝ። ደጋፊ የሚያስተባብር ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ከተጫዋቾቹ ጋር በአንድ አውቶቡስ የሚሄድ፣ ከፊት የሚቀመጥ። «ስላንተ ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ።

ቴማ ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኩት፤ ይህን ያህል እንኳ ጠይቄያለሁ።

«ኢቦ፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ይህን ክለብ ብቻዬን ነው የተሸከምኩት። እናንተ ትዘፍናላችሁ፤ እኔ እሸከማለሁ። ደክሞኛል» አለኝ።

እውነትም ፊቱ የደከመው ሰው ፊት ነበር። አልክድም።

ቀጥሎ አረንጓዴ፣ አራት ማዕዘን የሽናፕስ አረቄ ጠርሙስ በመስኮቱ አቀበለኝ። ገዢዎቹ አንድ ነገር ይፈራሉ አለ፤ ደጋፊው መንገድ ይዘጋል ብለው። ኤጊያ ኤሹን ከጠጡ ግን ማንም ቃል አይኖረውም። «እኔ ብሄድ ሺህ ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንተ ግን ልጃቸው ነህ፤ አይጠይቁህም።»

«ምን ልበላቸው?» አልኩ።

«የሚበቃውን ያህል በላቸው» አለና መስኮቱን ዘጋ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ታንኳ አይወጣም፣ ወንድ ሁሉ ቤቱ ነው። ኤጊያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዣለሁ። አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው አንቲ ኤፉዋ ውሃ አመጡልኝ፤ ጠጣሁ። ውሃ ከተጠጣ በኋላ ነው እንግዳ የሚጠየቀው።

«እሺ ልጄ፣ የመንገድህ ወሬ ምንድን ነው?» አሉኝ።

መንገዱን ሁሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። «ሊቀመንበሩ ልኮኝ ነው» አልኩ። «ለክለቡ ላደረጉት ሁሉ እናመሰግናለን ብሏል። ለወደፊቱም መንገዳችንን ይመርቁልን ብሏል።» ከዚህ ውስጥ አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም። ለራሴ ይህንን ስል ብዙ ሌሊት አደርኩ።

«ሌላስ?» አሉ። ወግ ነው፤ አንድ ጊዜ ይጠየቃል።

«ሌላ የለም» አልኩ። ይህቺ ግን ውሸት ነበረች። ሙልጭ ያለች ውሸት።

ኤጊያ መረቡን ከጭናቸው ላይ አወረዱና ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሚሳ ልጅ አንድ ቀን እግዜር ይስጥልኝ ሳይለኝ፣ ዛሬ ምን ነካው? ኤፉዋ፣ ልጁ ታሟል እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ደስታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርሙሱን ጓዳ አስገብቶ ብቻውን ይጠጣዋል። እሳቸው ጎረቤቱን ኤጊያ ኦቱን ጠሩ፣ አናጺውን ጠሩ፣ ከበሮውን አስወጥተው አጠገባቸው አስቀመጡ። የማይሰማ ሰው እንዳይቀር ጮክ ብለው «ክለቡ አመሰገነን» አሉ። ምስክሮቹን በገዛ እጃቸው ሰበሰቡልኝ።

ከዚያ ቆመው ለሙታን መሬት ላይ አፈሰሱ። እኔ ባንዲራ ያለበስኳቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩ። አባታቸውን ጠሩ። አሮጌውን አሚሳን «ወዳጄ፣ ልጅህ ጨዋ ሆነ» አሉት። ለበረኛችን ጉልበት ሳይቀር ጸለዩ፤ ያን ሰሞን ያመው ነበር። እኔ ያን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ። ዝናብ እንኳ አልመጣልኝም።

ጠጡ። ቀድተው ለእኔም ሰጡኝ። ተቀበልኩና ጠጣሁ፤ ጉሮሮዬን እያቃጠለ ወረደ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ሬዲዮው ነገሩን አወጣው። ባራኩዳ ተሽጧል፤ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታውን አፓም ላይ ተጫውቶ ወደ ቴማ ይሄዳል። መንደሩ እንደ ንብ ተነሳ። ዓሣ ሻጩ፣ አናጺው፣ ታንኳ ገፊው ሁሉ ሊቀመንበሩ በር ላይ ተሰበሰበ። እኔም መሃላቸው ነበርኩ፤ ከሁሉ አብልጬ እጮህ ነበር።

ሊቀመንበሩ ወጣ። አልተቆጣም። እጁን አጣምሮ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ። «እኔ ሌባ አይደለሁም» አለ። «አባቴ በገባው ቃል መሠረት ለኤሹን ቤት መጠጥ ልኬያለሁ። በምስክር ፊት ተቀብለው ጠጥተዋል። ቅሬታ ያለው እሳቸውን ይጠይቅ።» አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየም። በሩን ዘግቶ ገባ።

ሰዉ እንደ ማዕበል ዞሮ ወደ ኤጊያ ቤት ወረደ። ከፊት የነበረው ክዋሜንሳ ነው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ከበሮ የሚመታ፣ እንደ አባት የሚያያቸው ጎልማሳ። እሱ ነው የጠየቃቸው። «ኤጊያ፣ የሊቀመንበሩን መጠጥ ጠጥተዋል?»

ኤጊያ በበሩ መቃን ላይ ቆመው ሰዉን አዩ። ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየዞረ እኔ ላይ መጣ። ቆመ። ጠበቁኝ። «እኔ ነኝ፣ አልነገርኳቸውም» ለማለት ሦስት ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። ጫማዬን አየሁ። የግራው ማሰሪያ ሊበጠስ መድረሱን ልብ አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ልብ ይባላል?

«ጠጥቻለሁ» አሉ ኤጊያ።

«ምን ብለው ሰጡዎት?»

«ጠጥቻለሁ አልኩህ። ለአባቶቼ አፍስሼ የጠጣሁትን አልተፋውም።»

ክዋሜንሳ ቤት ገብቶ ከበሮውን አወጣ። እያለቀሰ ነበር የተሸከመው። አንድ ሰው ከጣሪያቸው ላይ ባንዲራውን ስቦ ሲያወርደው ተተረተረ። ያን ስፌት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን በሦስት ቀን ነቀዘ። ኤጊያ የሚቀመጡበት ኮኮነት ዛፍ ሥር ሲመጡ ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሥራ ትዝ እያላቸው ይነሳሉ። አንቲ ኤፉዋ በጢስ ያደረቁት ዓሣ ሳይሸጥ ቅርጫቱ ላይ ውሎ ይገባል። ሱቄ የሚመጣ ሁሉ ልብሱን እያስለካ እሳቸውን ያማል፤ በጠርሙስ ሸጡን፣ ሆዳም ሽማግሌ፣ ይላል። እኔ መርፌ አፌ ውስጥ ይዤ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ባለቤቴ አራባ ኬንኬይ ትሸጣለች። የበቆሎ ሊጥ ስትጠቀልል የምትውል ሴት ናት፤ አፏ ግን ከእጇ የፈጠነ ነው። ረቡዕ ጠዋት ጃኬቱን ከጨርቄ ሣጥን ሥር አገኘችው። አልጮኸችም። ገልብጣ የጥልፉን ጀርባ ስታይ ቆየችና «የማን እጅ ነው? ከላዩ ያምራል፤ ውስጡ ቋጠሮ ብቻ» አለች።

መርፌ አንስቼ ክር ማስገባት ያዝኩ።

«ትናንት ኤጊያ ኬንኬይ ሊገዙ መጡ» አለችኝ። «የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጧቸው። ተራቸውን ጠበቁ፣ ገዙ፣ አመስግነውኝ ሄዱ። ያፈርኩት እኔ ነኝ። ኢቦ፣ ያን ጠርሙስ ስትወስድ አፍህ ውስጥ ምን ነበር?»

ነገርኳት። ስጨርስ ጃኬቱን አጣጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ይህን እኔ አላጥበውም» ብላ ወደ ድስቷ ሄደች።

በራሴ ገንዘብ የይቅርታ ጠርሙስ ገዛሁ። በጋዜጣ አልጠቀለልኩትም፤ በእጄ እያሳየሁ መንደሩን አቋርጬ ሄድኩ። ኤጊያ ያው ደጃፍ፣ ያው መረብ። አስቀመጡኝ። አንቲ ኤፉዋ ውሃ አመጡልኝ። ለእኔ! ብርጭቆውን ሳይ እንባዬ መጣ፤ እንደምንም ጠጣሁት።

«የመንገድህ ወሬ ምንድን ነው?» አሉኝ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መኪናውን፣ ጃኬቱን፣ ቴማን፣ የአውቶቡሱን የፊት ወንበር፣ «ሌላ የለም» ያልኩትን። እየሰሙ መረባቸውን ይቋጥራሉ።

«ሌላስ?» አሉ።

«ሌላ የለም፣ ኤጊያ። አሁን እውነት የለም።»

«የነገርከኝ የማውቀውን ነው» አሉ። «ያን ቀን ብርጭቆውን በግራ እጅህ ተቀበልከኝ።»

ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ ከሽማግሌ በግራ እጁ አይቀበልም። እኔ ልብ አላልኩም ነበር።

«ሃያ ዓመት ከእጄ ስትቀበል ግራህን አይቼ አላውቅም። ይህ ልጅ አንድ ነገር ይዟል አልኩ። ግን እኔ ጠጥቼ ነበር። ነገ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ነገ፣ ነገ ስል ሬዲዮው ቀደመህ።»

«ታዲያ ሰዉ ሲመጣ ለምን አልተናገሩም? ለምን ስሜን አልጠሩም?»

«ብጠራህ የስፌት መኪናህን ያቃጥሉ ነበር። አራባ ምን ትበላለች? ደግሞስ ምን እላለሁ? ኢቦ አታለለኝ? ልመረምር ሲገባኝ ምስጋና ጣፍጦኝ ለሙታኖቼ ያፈሰስኩ እኔ ነኝ። የአሚሳ ልጅ ሠላሳ ዓመት ስሜን አልጠራም፤ አንድ ቀን ቢጠራኝ ልቤ ቀለጠ። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ የእኔን ተሸክሜያለሁ። ያንተን ግን እኔ ልሸከምልህ አልችልም፣ ልጄ። አርጅቻለሁ።»

በአንድ ዓይነት ማር ነው ለካ ሁለታችንም የተያዝነው። ጠርሙሱን ገፋሁላቸው። በእግራቸው ቀስ አድርገው መለሱልኝ። «የሚሄድበትን ቦታ ታውቃለህ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። እንደ ልቅሶ ቤት ነበር፤ ከበሮው አለ፣ የሚመታው ግን የለም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ጃኬቱን ለበስኩና ጠርሙሱን ይዤ ደጋፊው ፊት ቆምኩ። ስሜን ደረቴ ላይ አነበቡት። ከዚያ በላይ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም፤ ግን ተናገርኩ፣ ሙሉውን። «ኤጊያ ክለቡን አልሸጡም። ለምስጋና ነው ብዬ አጠጣኋቸው። የዋሸሁ እኔ ነኝ» አልኩ።

ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። ብመታ ይሻለኝ ነበር። ክዋሜንሳ ወደ እኔ ቀረበና «ለምን ሬዲዮው የነገረን ቀን አልተናገርክም? ያን ቀን ለሽያጩ አልጠጡም ብንል ቴማዎች ይፈሩ ነበር። ዛሬማ ተፈርሟል» አለኝ። አልጮኸም። ይህን ነገር ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር። ዝምታዬ የአንድ ሽማግሌ ስም ብቻ የበላ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ክለቡንም በልቷል።

ከበሮውን አንስተው ወደ ኤጊያ ቤት ወረዱ። ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ አላውቅም፤ ሜዳው ግማሹ ባዶ ሆኖ ነው ያለቀው። ኤጊያ ደጅ አርባ ሰው ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ አሉ። እኔ አልሄድኩም። ምን ዓይኔን ይዤ?

አውቶቡሱ ማምሻው ላይ በሱቄ በኩል አለፈ። የፊቱ ወንበር ባዶ ነበር። ነጯ መኪና ተከተለች፤ መስኮቷ አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ አይደለሁም። የሚጻፍም የለ። ብዙ ሰው ልብሱን ወደ ሌላ ሰፊ ወስዷል፤ አልፈርድበትም። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ግን ኤጊያ ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ሱቄ መጡ። በብብታቸው የተተረተረው ባንዲራ አለ። ወንበር ሰጠኋቸው። ውሃ ሰጠኋቸው፤ በቀኝ እጄ።

«የመንገድዎ ወሬ ምንድን ነው፣ ኤጊያ?» አልኩ።

«ይህን ስፋልኝ። ጠርዙ ላይ ስሜን ጥለፍበት። ለሣጥኔ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ክለቡ ቢሄድም ደጋፊ ነኝ።»

አራባ ሰምታ «ከጃኬቱ ላይ ያንተን ስም ፍታና በዚያ ክር የሳቸውን ጥለፍ» አለችኝ። አልሆነም፤ መናኛ ክር ነው፣ በአንድ ዝናብ ይለቃል። አክራ ልኬ ጥሩውን አስመጣሁ። ባንዲራውን በአንድ ቀን ጠገንኩት። ስሙ ላይ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለ። ከጨረስኩ ይወስዱታል። ከወሰዱት ደግሞ ያን ሣጥን ማሰብ ይጀምራሉ። እናም ቀን አንድ ፊደል እሰፋለሁ፣ ማታ እፈታለሁ።

በየማክሰኞው ይመጣሉ። ውሃቸውን ይጠጣሉ። «አለቀ?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ ኤጊያ። ክሩ አስቸግሮኝ ነው።»

ጣታቸውን በባዶው ጠርዝ ላይ ያሳልፋሉ፤ የመርፌውን ቀዳዳዎች ይዳብሳሉ።

«ኢቦ፣ አሁንም ትዋሸኛለህ» ይሉና ወንበሩን ወደ ጥላው ስበው ይቀመጣሉ።